ዲስኩ እስኪመረመር ወፍጮው ይቁም

መካነ ሰላም ውስጥ መብራት ሲሄድ ዝም ብሎ አይሄድም ነበር። መጀመሪያ አንድ ጊዜ ብልጭ ይላል፤ ልሄድ ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ተመልሶ ይረጋና «ተወው፣ ቀረ» ያሰኘናል። ልክ ሥራው ሲሞቅልን፣ ሁላችንም ስንዘናጋለት፣ ድርግም! ያኔ ከፀጉር ቆራጩም፣ ከብረት በያጁም፣ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ፊት ከተኮለኮለውም ሰው አንድ ላይ «ኤጭ!» የሚል ድምፅ ይወጣል። ግማሽ ጭንቅላቱን ተስተካክሎ፣ ግማሹን እንዳጎፈረ ገበያ የሚዞር ሰው ማየት ለከተማችን ብርቅ አልነበረም። ሰላም ብለነው እናልፋለን እንጂ አንስቅበትም። የሚቀጥለው ተራ የማን እንደሆነ አይታወቅማ።

እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጎን፣ በአንድ የጭቃ ግድግዳ ተለይቼ፣ የፎቶ፣ የቪዲዮና የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ነበረኝ። ከወፍጮ ጎን ኮምፒውተር ማስቀመጥ የምን ብልህነት ነው የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ሌላ ቤት አልነበረም፣ በቃ። ዱቄቱ በግድግዳው ስንጥቅ እየገባ ኪቦርዱንም፣ ፕሪንተሩንም፣ ቅንድቤንም ያለብሰዋል። ባለቤቴ ለኮምፒውተሩ ነጭ ዳንቴል ሠርታለት ስለነበር እሱን ለብሶ ያድራል። እኔ ያን ያህል የሚያምር ነገር ለብሼ አላውቅም፤ አንድ ቀን ይህንኑ ብነግራት «አንተም እንደሱ ዝም ብለህ ተቀመጥ፣ እሠራልሃለሁ» አለችኝ።

ዘመኑ የስብሰባና የሪፖርት ዘመን ነበር። ያልተሰበሰበ የለም፣ የተሰበሰበ ሁሉ ደግሞ ሪፖርት ያወጣል፣ ሪፖርቱን የምተይበው እኔ ነኝ። አንዱን ገጽ ልጨርስ ስል መብራት ይሄዳል። ተመልሶ ሲመጣ ኮምፒውተሩን እከፍታለሁ። ሰማያዊ መስኮት ላይ በነጭ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ፣ በደንብ ሳትዘጋኝ ነው የሄድከው ብሎ ይወቅሰኛል። እኔ መች ዘጋሁት? መብራቱ ነው የዘጋው። ወቀሳው ግን ለኔ ነው። ቀጥሎ «ዲስኩን ልመረምር ነው፣ ካልፈለግህ ማንኛውንም ቁልፍ ተጫን» ይልና ወደ ኋላ እየቆጠረ ይጠብቀኛል። እኔም ቁልፉን እጫናለሁ። ደንበኛ አናቴ ላይ ቆሞ ማን ምርመራ ይጠብቃል? በኛ አገር ሰው ራሱ ካልወደቀ አይመረመርም፣ እንኳን ዲስክ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። ዲስኩ የሰጡትን ያስቀምጣል፣ የት እንዳስቀመጠውም ለራሱ ይጽፋል። አስቀምጦ ሳይጽፍ መብራት ከሄደበት ዕቃው ይቀመጣል፣ ቦታውን የሚያውቅ ግን የለም። የጎተራውን ቁልፍ የት እንዳኖረ ሳይናገር ድንገት እንደሞተ አባወራ ማለት ነው። ምርመራው ጎተራውን ሁሉ እየዞረ፣ እያንዳንዱን ጥግ እየዳሰሰ ቁልፉን ይፈልጋል። ጊዜ የሚፈጀውም ለዚህ ነው።

ከሠርግ ቀጥሎ ትልቁ ሥራዬ የዐረብ አገር መልእክት ነበር። ልጃቸው ጅዳ ወይም ቤይሩት የሄደችባቸው ቤተሰቦች ከየገጠሩ ይመጣሉ፤ በመጋረጃዬ ፊት ይደረደራሉ፤ ካሜራዬ ላይ ይጮሃሉ። አዎ፣ ይጮሃሉ። አገሩ ሩቅ ነውና። «እኛ ደህና ነን! ላሚቱ ወልዳለች! አንቺ ብቻ ደህና ሁኚልን!» ብለው ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ሌላውን ወደፊት ይገፉታል። እኔ በሲዲ አድርጌ እሰጣቸዋለሁ፣ እነሱም ወደዚያው በሚሄድ ሰው ይልኩታል። ካሴት እንደ ልብ ስለማይገኝ የቀረጽኩትን ወደ ኮምፒውተር ካስገባሁ በኋላ በዚያው ካሴት ሌላ ሠርግ እቀርጽበታለሁ። የማን አባት ላይ የማን ሙሽራ እንደጨፈረች አላህ ይወቀው።

አንድ የገበያ ቀን ከከላላ መንገድ ካለ ቀበሌ አንድ ሽማግሌ በበቅሎ መጡ። አንድ እግራቸው ተሰብሮ በደንብ ያልጠገነ ስለነበር ከበቅሎ ወርደው ሲራመዱ ያነክሳሉ። ልጃቸው ጅዳ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ወንበሩን አመቻቸሁላቸውና ካሜራውን ደቀንኩ።

«ይሄ ነገር ፊቴን ነው ሆዴን የሚያይ?» አሉኝ።

«ፊትዎን ነው፣ አባባ።»

«ጎሽ። ሆዴን ቢያይ ይታዘበኝ ነበር።»

እሳቸው አልጮሁም። ልጅቱ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ምሳ የምትበላ ይመስል በቀስታ አወሯት። ስለ ጤፉ ቡቃያ፣ ስለ በቅሎይቱ አመል፣ ስለ እናቷ የጉልበት ሕመም ነገሯት። ማዳሟ ብትቆጣት ዝም እንድትል፣ ዝም ብላ ስታበቃ ግን እንዳትረሳላት መከሯት። መጨረሻ ላይ ረጅም ዱዓ አደረጉላት። እኔ ይህን ሥራ ስሠራ የሰው አባት ያስቀናኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ የተቀረጸውን ላሳያቸው ስል ራሳቸውን አይተው ተቆጡ። «ይሄ ጥምጣም አርጅቷል! አዲስ የላክሁልህን ምን አደረግኸው ትለኛለች። ለዒድ ብዬ ነው ያስቀመጥሁት። ለሚመጣው ገበያ እሱን ጠምጥሜ እመጣና አዲስ ታነሳኛለህ። ይሄን እንዳትልከው፣ ወላሂ እቀየምሃለሁ።»

እሺ አልኩ። በሚመጣው ገበያ አልመጡም። በሚቀጥለውም አልመጡም። ክረምቱ ሲወጣ ታመው፣ ብዙም ሳይሰነብቱ መሞታቸውን ሰማሁ።

አሁን እንግዲህ የኛን ወግ ማወቅ ያስፈልጋል። መርዶ በስልክ አይነገርም። መርዶ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰው ዙሪያውን ተቀምጦ ነው። የሚወድቀውን የሚይዝ፣ ደረቱን የሚመታውን እጁን የሚያስጥል ሰው ያስፈልጋል። ልጅቱ ጅዳ ናት። በሰው ቤት፣ በፎቅ ላይ፣ ብቻዋን። ማን ይያዛት? ስለዚህ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ኮንትራቷን ጨርሳ አገሯ እስክትገባ አትሰማም ብለው ወሰኑ። እናትየውም አለቀሱና ተስማሙ።

ችግሩ ልጅቱ ስልክ መደወሏ ነው። ስልኩ ያለው በአጎቷ፣ በሟቹ ታናሽ ወንድም እጅ ነው። ይህ ሰው ለሽምግልና የተፈጠረ፣ የተጣላ ሁሉ የሚጠራው፣ ድምፁ ከመስጊዱ ድምፅ ማጉያ የማይተናነስ ሰው ነው። ውሸት ላይ ግን ጀማሪ ነበር። አባቴን አገናኙኝ ስትለው «ገበያ ሄዷል» ይላታል። በሚቀጥለው ሳምንትም ገበያ ሄዷል። ከላላ ገበያ ሲደጋገምበት ማሻ ላካቸው። ከማሻ ሲመለሱ እረፍት እንኳ ሳይሰጥ ኩታበር ሰደዳቸው። ሰውየው በሕይወት ሳሉ ያልረገጡትን ገበያ ሁሉ ሞተው አዳረሱት።

«በሰባራ እግሩ ስንት ገበያ ነው የሚውል?» አለችው አንድ ቀን።

«በቅሎ አለው አይደል!»

«በቅሎይቱን ሸጥናት አላልከኝም?»

አጎትየው ስልኩን ኔትወርክ እንደጠፋበት ሰው «ሃሎ! ሃሎ!» እያለ ዘጋው። ደግማ ስትደውል አልተከራከረችም። «እሺ፣ አታገናኙኝ። በቪዲዮ አንሱትና ላኩልኝ» አለች።

እንዲህ ሆኖ ነው አጎትየውና እናትየው በገበያ ቀን ማለዳ ቤቴ የመጡት። እናትየው ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አጎትየው በሩን ገርበብ አደረገና፣ ለሱ ሹክሹክታ በሆነው ድምፅ፣ ወፍጮ ቤቱ ድረስ በሚሰማ ድምፅ፣ ነገሩን ሁሉ ነገረኝ።

«ወንድሜን ያነሳኸው አለ ወይ?»

«አለ። ግን እንዳትልከው ብለውኛል፤ ጥምጣማቸው ነው...»

«ጥምጣሙን ተወው፣ ወንድሜ። ልጅቱ እዚያ ወድቃ እንዳትቀርብን ነው። ከሱ ሌላ ምን አለን?»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ ፋይሉን አወጣሁ። ሽማግሌው የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ብቅ አሉ። እናትየው ከቀብር ወዲህ የባላቸውን ፊት ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። ሻሻቸውን ጎትተው አፋቸው ላይ ያዙ። እኔም ወደ ሲዲ የመገልበጡን ሥራ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄደ መብራቱ ብልጭ አለ።

«ልትሄድ ነው» አለ አጎትየው።

መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ይዞ የሚያቆይ ዩፒኤስ ነበረኝ፤ ባትሪው ከሞተ ግን ቆይቷል። ሥራው መብራት በሄደ ቁጥር ጢጥ ጢጥ እያለ መጮህ ብቻ ነበር፤ መሄዱን ያላወቅን ይመስል። ያን ቀንም መብራቱ ድርግም ሲል ጮኸ። ተመለሰ፣ ኮምፒውተሩ ገና እየተነሣ ሳለ እንደገና ድርግም አለ። ለሦስተኛ ጊዜ መጥቶ ሲረጋ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፣ እንደ ልማዴ ምርመራውን ዘለልኩና ቪዲዮዎቹ ያሉበትን ቦታ ፈለግሁ። የፋይሎቹ ስም በሙሉ ሳጥንና ሰረዝና የልብ ቅርጽ ሆኗል። አንዱም አይከፈትም። የደነገጥኩት ለሠርጎቹ አልነበረም፤ ሠርገኛ ድጋሚ ይጨፍራል። የሽማግሌው ድምፅ ግን በዓለም ላይ ያለው እዚያ ውስጥ ብቻ ነበር።

«ጠፋ?» አለ አጎትየው።

«አልጠፋም። ግን አይገኝም።»

«በጠፋና በማይገኝ መሐል ያለው ምንድን ነው?»

«ምርመራ» አልኩት። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት፤ በዚህ ጊዜ የትኛውንም ቁልፍ አልተጫንኩም።

ሰማያዊው መስኮት መጣ፣ ከመቶው ይህን ያህል እያለ መቁጠር ጀመረ። እናትየው ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ።

«ምኑን ነው የሚቆጥር?» አሉኝ።

«ውስጡ ያለውን ሁሉ ነው፣ እማማ። የትኛው የት እንዳለ እየፈለገ ነው።»

«እሱንም?»

«እሳቸውንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ዓይናቸውን ከቁጥሩ አላነሱም።

ግማሹን እንዳለፈ ከግድግዳው ወዲያ የወፍጮው ሞተር ተነሣ። ወፍጮው ሲነሣ የሰፈሩ መብራት ሁሉ ይደክማል። አምፖሉ ቀልቶ ቀልቶ ሻይ መሰለ፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እንደገና ተነሣ፣ ቁጥሩም ከዜሮ ጀመረ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ትንሽ ቆይቶ ሞተሩ ጠፋ፤ እንደገና ሲነሣ ኮምፒውተሩን ይዞት ሄደ። ባለወፍጮው እህል በተለወጠ ቁጥር ነው የሚያጠፋው። ከጤፍ ወደ ገብስ ሲሄድ ያጠፋል፣ ከገብስ ወደ ሽምብራ ሲሄድ ያጠፋል፤ ድንጋዩን ይጠርግና ያስነሣል። የገበያ ቀን ነውና የእህሉ ዓይነት ብዛቱ ለጉድ ነው።

ሄጄ ለመንኩት። «ለዲስክ ብዬ የሰው ጤፍ ላቁም?» አለኝ፤ ቅንድቡም እንደኔ ነጭ ነበር። «ተሰልፈው የቆሙትን እናቶች ጠይቅ። እነሱ ካሉ እኔ ምን ገዶኝ።»

ተመልሼ ስነግረው አጎትየው ተነሣ። «ለኔ ተውልኝ» አለ።

«ምክንያቱን እንዳትነግራቸው። ቸግሮን ነው በል፣ በቃ።»

«እኔ አላውቅም እንዴ?» አለና ወጣ።

በግድግዳው ስንጥቅ ቃል በቃል ይሰማኛል። «እናቶቼ፣ እህቶቼ» ብሎ ጀመረ። «ይህ ነገር በኛው መሐል ይቅር።» ከዚያ ከሕመሙ ጀምሮ እስከ ቀብሩ፣ ከቀብሩ እስከ ኩታበር ገበያ፣ ምንም ሳያስቀር ተረከላቸው። ልጅቱ ያለችበትን ከተማ ነገራቸው። ሰፈሩንም ነገራቸው። የማዳሟን ስም እንኳ በዐረብኛው አወጣው። መጨረሻ ላይ «ለማንም ላትናገሩ ማሉልኝ» አለ። ሙስሊሞቹ «ወላሂ» አሉ፣ ክርስቲያኖቹ «በማርያም» አሉ። እኔ ራሴን ይዤ ቁጭ አልኩ። እናትየው ሁሉንም ሰምተዋል፤ «እንዲህ ነው እሱ» ብቻ አሉ።

ወፍጮው ግን ቆመ። ልክ ነው፣ ሰውየው ምስጢር አይችልም፤ ሰው ማሳመን ግን ይችላል። ወረፋ የያዙት ሴቶች ስልቻቸውን በሰልፉ አስቀምጠው፣ ዲስክ ሲመረመር ሊያዩ ወደኔ ቤት ገቡ። ወንበር አልበቃም፤ መጋረጃዬ ሥር ተቀመጡ፣ በሩ ላይ ቆሙ። ቤቱ በሽተኛ የሚጠየቅበት ቤት መሰለ። አንዷ «አሁን ስንት ደረሰ?» ትላለች፣ ሌላዋ «እሰይ፣ ወገቡን አለፈ» ትላለች። ቁጥሩ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ ሲል አንዲት ባልቴት መዳፋቸውን ዘረጉና «ያረቢ፣ የተሰወረውን ግለጥ፣ የዚችን ልጅ ልብ አጽና» እያሉ ዱዓ ያዙ። ቤቱ በሙሉ አሚን ይላል፤ ክርስቲያኖቹም አሚን ይላሉ። ዱዓ የተበላሸ ዲስክ አይጠግንም ብዬ ላስረዳ አሰብኩ። እኔም የምጠግንበት አልነበረኝም። ከሁሉም በላይ ጮኼ አሚን ያልኩት እኔ ነኝ።

ቁጥሩ ተነቃነቀ። ተጓዘ። መቶ ሲሞላ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አሁን ይውጣ እንግዲህ የሚሉ ይመስላሉ።

አልወጣም፤ ገና ነው። ምርመራው ያገኘውን ሁሉ ስም የሌለው ቁርጥራጭ አድርጎ አንድ ቦታ ከምሮታል። አንድ በአንድ ከፈትኩ። የሙሽራ ቬሎ መጣ፣ የሚሮጥ ሚዜ መጣ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት የሩብ ዓመት ሪፖርት ግማሹ መጣ። (ሪፖርቱን ግማሹን እንደሆነ አትሜ ሰጠኋቸው። እስከ ዛሬ የጎደለ አለ ያለኝ የለም።) ብዙ ከከፈትኩ በኋላ መስኮቱ ጠቆረና ከጥቁሩ ውስጥ «ልጄ» የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ፊታቸው መጣ።

ቪዲዮው ከመግቢያው የተበላ ነበር፤ ከመሐሉም የተበላ ነበር። አንድ ቦታ ላይ እጃቸውን ወደ ጥምጣማቸው ሲያነሱ ምስሉ ደርቆ ይቀራል። እጃቸው አየር ላይ፣ አፋቸው ከፈት ብሎ እንደቀረ፣ ድምፁ ብቻ እስከ ዱዓው መጨረሻ ይሄዳል። ከበሩ አካባቢ አንዲት ሴት ደስታዋን መቻል አቅቷት እልል አለች። ሌሎቹ ለሟች እልል ይባላል ወይ ብለው አፏን ያዟት። እናትየው በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ጣታቸውን ዘርግተው የደረቀውን ፊት ነኩት። ከመስታወቱ ላይ ዱቄት ነበር የጠረጉት። ወፍጮው ተነሣ፣ ሴቶቹም ወደ ስልቻቸው ሄዱ።

ሲዲውን ቀድቼ ሰጠሁ፤ ወደ ጅዳ የምትሄድ ሰው እስክትገኝ ሰነበተና ሄደ። አጎትየው እስክትደውል ድረስ እንቅልፍ አልነበረውም። ደወለች። «አየሁት፣ አልሐምዱሊላህ» አለችው። «ደህና ነው። ምስሉ መሐል ላይ ይቆማል እንጂ ድምፁ ጥሩ ነው።» ሰውየው ቤቴ ድረስ መጥቶ አቀፈኝ። «መንግሥት እንኳ እንዲህ ምስጢር አይጠብቅም!» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴን አገናኙኝ ብላው አታውቅም። «ሰላም በሉልኝ» ብላ ትዘጋለች። ሟቹም ከገበያ አረፉ።

ኮንትራቷን ጨርሳ መጣች። ጎህ ሲቀድ መርዶዋን ነገሯት። እኔም እንደ አገሩ ሰው ለለቅሶ ሄድኩና በሰው መሐል ሆና ስታለቅስ አየኋት። ሐዘኑ ካለፈ፣ ሰዉም ወደየሥራው ከተመለሰ በኋላ አንድ ጠዋት ብቻዋን ቤቴ መጣች። ፀጉሯ በሻሽ ተሸፍኗል። የተጫጫረ ሲዲ ከቦርሳዋ አወጣች።

«አልጫወት ብሎኛል። ሌላ ትቀዳልኛለህ?»

እየቀዳሁላት ዝም ብል ይሻለኝ ነበር፤ ዝም ማለት ግን አይሆንልኝም። «እንኳን እዚያ ሆነሽ አልሰማሽ» አልኳት። «እዚህ ሰው አለሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ሲዲው ከዚህ ሳይነሣ ነው የሰማሁት።»

እጄ ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

«አንዲት ጓደኛዬ አለች፣ እዚያው ሰፈር የምትሠራ። እናቷ ያን ቀን ወፍጮ ወረፋ ላይ ነበሩ። ‹ለማንም እንዳትናገሪ› ብለው ነገሯት። እሷም ‹ለማንም እንዳትናገሪ› ብላ ነገረችኝ።» ፈገግ አለች፤ ያ ፈገግታ የአባቷ ነው። «አጎቴ ‹ማሻ ሄዷል› ሲለኝ ጀምሮ ጠርጥሬ ነበር። አባቴ ገበያ አይወድም። ቪዲዮ ላኩ ያልኩት ካለ እንዲያሳዩኝ ነው፤ ከሌለም የቀረ ነገር ካለው እንዲልኩልኝ።»

«ታዲያ አላለቀስሽም?»

«ምስሉ የሚቆምበት ቦታ አለ አይደል? እጁን ሲያነሳ? እዚያ ላይ ነው የማለቅሰው። በሰው ቤት ተጮኾ አይለቀስም። ማዳም ምን ሆንሽ ስትለኝ ማጫወቻው ተበላሽቶብኝ ነው እላታለሁ። ‹ለዚህ ነው የምታለቅሽ?› ትለኛለች።» ሲዲውን ተቀብላ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «እናቴ ግን እንዳትሰማ፣ በአላህ። እንዳልወድቅ ብላ ያን ሁሉ ጊዜ ዋጥ አድርጋ ኖራለች። ልፋቷ ከንቱ ቀረ እንዳትል።»

እንደማልናገር ማልኩላት። በዚያ ከተማ ምሎ የጠበቀ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

በሚቀጥለው ገበያ እናትየው ጤፍ ሊያስፈጩ መጡ። ወረፋቸውን አስይዘው ወደኔ ገቡና ያችው ጥግ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸውንም ያሹ ጀመር።

«ልጄ መጥታ ነበር?»

«መጥታ ነበር፣ እማማ። ሲዲ ልታስቀዳ።»

«ነገረችህ?»

ኮምፒውተሩን ማየት ጀመርኩ።

«አትንገረኝ፣ አትንገረኝ። ምለህላት ይሆናል» አሉ። «አውቃለሁ። መርዶዋን የነገሯት ዕለት ጠዋት ነው ያወቅሁ። መርዶ አዲስ የሆነበት ሰው ሟቹን ነው የሚፈልግ። ጓዳ ይገባል፣ መደቡን ያያል፣ ስሙን ይጠራል። የኔ ልጅ ግን ገና ‹አባትሽ› ሲሏት ዞራ ያየች እኔን ነው። እንዳልወድቅ እኔን ልትይዘኝ መጣች። ብቻዋን አልቅሳ ጨርሳ ነው የመጣች።» በሻሻቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ከግድግዳው ወዲያ ተራቸው መድረሱን ተጣሩ። ተነሡ።

«እንደማውቅ እንዳትነግራት» አሉኝ። «ዛሬ ቤት ስገባ ራሷን እሠራታለሁ። ጥብቅ፣ ጥብቅ አድርጌ ነው የምሠራት። ፀጉሯ ያመማት መስላ እጄ ላይ ታልቅስ።»